የታችኛው መንገድ

ባለፈው ጥቅምት፣ በልጅነቴ የተማርኩበት የአንኮበር ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለልጃገረዶች የወር አበባ መጠበቂያ ያድላልና የቀድሞ ተማሪ ሆነሽ ተገኚልን ብለው ጠሩኝ። ሄድኩ። ከፊት ረድፍ አስቀመጡኝ፣ ለስላሳ ሰጡኝ፣ ፕሮግራሙም እንደ ልማዳችን ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። ካርቶኖቹ ሲከፈቱ የአዲስ አቡጄዲ ሽታ ክፍሉን ሞላው። መጠበቂያዎቹ ከአቡጄዲ የተሰፉ፣ ታጥበው ደግመው የሚያገለግሉ ናቸው። ያን ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ ስምገው አንድ ዓመት እንዳለ መጣብኝ።

የድርጅቱ ወጣት ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ልጃገረዶች ከትምህርት የሚቀሩት ይህን አጥተው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ችግሩ ተፈቷል አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ልጁ ደግ ልጅ ነው፣ ይዞት የመጣውም ነገር ጥሩ ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ ነገር በወቅቱ ባገኝ ኖሮ እጁን እስመው ነበር። ግን ከመጣ ጀምሮ አንዲት ተማሪ ጠርቶ፣ አንቺ ከቤትሽ በየት በኩል ነው የምትመጪው ብሎ አልጠየቀም። ይህችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ስንት ዓመቴ።

ያኔ ቤታችን ከሸንተረሩ ወዲህ፣ ትምህርት ቤቱ ከሸንተረሩ ወዲያ ነበር። መካከሉን ቤተ ክርስቲያኑ ይዞታል። በምዕራቡ በር ገብተን፣ ተሳልመን፣ በምሥራቁ በር ስንወጣ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ከቅጥሩ በላይ ደግሞ ተረተሩን ታክኮ የሚሄድ የእግር መንገድ ነበረ። ሣር አጫጁም፣ በግ ነጂውም፣ ወሯ ደርሶባት ቤተ ክርስቲያን የማትገባውም ሴት በዚያ ይሄዳሉ፤ ማን ለምን በዚያ እንደሄደ ልብ የሚል የለም። ሦስተኛው የታችኛው መንገድ ነው፦ ገደሉን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት። ሰዓት ተኩል ይፈጃል፣ ጭቃው ጉልበት ድረስ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሆኖ ለሚያይም ሰው ከላይ እስከ ታች ወለል ብሎ ይታያል።

በደርግ ጊዜ፣ ትልቁ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ የገበሬ ማኅበሩ ተረተሩን ለችግኝ ከለለው። በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፣ ጽድና ባሕር ዛፍ ተተከለ። ስንዴውንና ዘይቱን የሚያመጣው የእርዳታ ድርጅት እሾሃም ሽቦም አመጣ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችግኙን እንደ ልጅ ነው የሚያዩት። እየዞሩ አፈሩን በጣታቸው ይነካካሉ፣ የበግ ኮቴ ያዩ ቀን ምሳ አይበሉም። ግን ምሰሶ ለመቆጠብ ብለው ሽቦውን ቀጥታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ላይ በበቀሉት ጽዶች ላይ አስቸነከሩት። በሽቦውና በድንጋይ ካቡ መካከል ድመት እንኳ አታልፍም። የላይኛው መንገድ በዚያው ቀረ።

አባቴ የቤተ ክርስቲያኑ ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ ዕቃ ቤቱም፣ ቅጥሩም፣ ዛፉም በእሳቸው እጅ ነው። ተቆጡ። የተቆጡት ግን ስለ መንገዱ አይደለም፣ ስለ ምስማሩ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ እንዴት ይቸነከራል አሉ። ጓድ ደምሴ፣ ዛፉ የሕዝብ ነው አሉ። ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልስ ተጻፈ፣ ከወረዳ ሰው መጥቶ ምስማሩን ቆጥሮ ተመለሰ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሁለት ትልልቅ ሰዎች በምስማር ሲነታረኩ፣ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ለመሆኑ ሴቶቹ አሁን በየት ይሄዳሉ ያለ የለም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ታላቅ እህቴ ወይንሸት በዚያ ዓመት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ናት። ከቤተሰባችን ሴቶች እዚያ የደረሰች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። የመዘዞ አንድ ካህን ለዲያቆን ልጃቸው ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋታል። አባዬም ሽማግሌዎቹን፣ በሰኔ ብሔራዊ ፈተና አለባት፣ ካለፈች ደብረ ብርሃን ሄዳ ትማራለች፣ ከወደቀች በጥር እንደግሳለን ብለው መለሱ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም፣ በሁለቱም በኩል። ወይንሸት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሒሳብ ደብተሯን ታቅፋ ነው የምትተኛው። ዲያቆኑን አይታው አታውቅም። እኔ አንድ ጊዜ በክርስትና ቤት አይቼዋለሁ፤ ደህና ልጅ ነው፣ ሲያላምጥ ግን ድምፁ ከደጅ ይሰማል። ይህንን ስነግራት ደብተሯን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ አራተኛ ክፍል። በየወሩ አራት አምስት ቀን ወይንሸት ከትምህርት ትቀራለች። እማዬን ስጠይቃት አመም ብሏታል ትለኛለች። ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ግን ግራ ይገባኝ ነበር። ውሃ ትቀዳለች፣ ገብስ ትፈትጋለች፣ ኩበት ትለቅማለች፣ እኔን ትቆነጥጣለች፤ ብቻ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። አንድ ቀን ምዕራቡ በር ድረስ አብራኝ መጥታ፣ ቆም ብላ፣ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ስትመለስ አየሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ታቦቱ ከእህቴ ጋር ተጣልቷል።

ምን አድርጋ ይሆን ብዬ አወጣሁ አወረድኩ። በጾም ወተት ጠጥታ ይሆናል አልኩ፤ እኔ ራሴ ጠጥቼ ስለማውቅ የማስበው ኃጢአት እሱን ነበር። ከአባዬ ሣጥን አንድ ጧፍ ሰረቅኩና በእሷ ስም ከደጀ ሰላሙ ጥግ አበራሁ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ወይንሸት ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ጧፌ ሠራ ብዬ ኮራሁ። በወሩ እንደገና በሩ ላይ ቆመች። እኔም እንደገና ጧፍ ሰረቅኩ። ምን ዓይነት ጠብ ነው በየወሩ የሚያገረሽ እያልኩ ተማረርኩ። በሦስተኛው አባዬ ያዙኝና ገረፉኝ። ለምን እንደሰረቅኩ ሲጠይቁኝ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ የእህቴን ገመና ማውጣት መሰለኝ።

የጨርቁንም ነገር አውቅ ነበር፣ አላወቅኩትም እንጂ። እማዬ ያረጀ ነጠላ እየቀደደች ትሰጣታለች። አንዳንዴም አባዬ አሊዩ አምባ ገበያ ሲወርዱ ለፈትል ነው ብላ ጥጥ ታስገዛቸዋለች፤ ግማሹ ፈትል አይሆንም። ወይንሸት ጨርቁን አጥባ ከጓሮ፣ ከበግ ቆዳው ሥር፣ ሰው እንዳያየው ታሰጣዋለች። አንኮበር ጉም ከወረደ ሦስት ቀን አይነሳም። ደጅ ላይ የዋለ ልብስ እንኳ አይደርቅም፣ ቆዳ ሥር የተደበቀ ጨርቅማ እንዴት ሊደርቅ። ሻገተ ሻገተ ይሸታል። እርጥቡን ታጥቃው ስትቀመጥ ፊቷ ጭምድድ ሲል አይ ነበር። እኔ የቆሰለች ይመስለኝና እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ፤ የት ጋ እንደሆነ አሳዪኝ ስላት በጥፊ አለችኝ።

በታኅሣሥ የሒሳብ ፈተና ነበርና እንደምንም ልሂድ ብላ በታችኛው መንገድ ወረደች። እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ብቻዋን እንዳትሆን። ዳገቱን ስንወጣ የስምንተኛ ክፍል ወንዶች ከሜዳው ጫፍ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከመስከረም ጀምሮ በዚያ መንገድ የሚመጣ የእኛ ሰፈር ሰው የለም፤ በዚያ የመጣች ሴት ለምን እንደመጣች ለሁሉም ግልጽ ነው። አንዱ አንድ ነገር አለ፣ ሌሎቹ ተንከተከቱ። እኔ በጭቃችን የሚስቁ መስሎኝ እናንተም ብትወርዱ ትጨቀያላችሁ አልኳቸው፤ ጭራሽ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ወይንሸት አንገቷን ደፍታ ገባች። ጉርዷ እስከ ወገቧ ርሶ ስለነበር ከወንበር አልነሳም ብላ መምህሩ ለጥቁር ሰሌዳ ሲጠሯት እንቢ አለች። መምህሩም ሰነፍ ናት ብለው ዜሮ ሰጧት። በሌላው ወር ደግሞ ስትቀር ለምን ቀረሽ ይሏታል፤ ባቄላ ስንወቃ ትላለች። በመጋቢት የምን ባቄላ ነው የሚወቃው ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁባት። የተማሩ ሰው ነበሩ፣ ሚስትም ሴቶች ልጆችም አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ታችኛውን መንገድ አልደገመችውም።

በዚያው በመጋቢት ስንዴ የሚያመጣው መኪና ካርቶኖችና አንዲት ነርስ ይዞ መጣ። ሲስተር ንግሥት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቆንጆ ሹራብ ለብሳለች፣ ብርዱ እያንዘፈዘፋት ትስቃለች። የስድስተኛ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሴቶች ብቻ ይሰብሰቡ ተባለና ወንዶቹ ወጡ፤ ወጥተውም መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። እኔም ትንሽ ነሽ ተብዬ ስለወጣሁ ከወንዶቹ እግር ሥር ገብቼ አየሁ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን ትራስ የመሰለ ነገር ከከረጢት አውጥታ ታሳያለች። ሞዴስ ይባላል አለች። ስለ ሰውነት የተናገረችው አንድም አልገባኝም፤ ሴቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ጆሯቸውን አቅንተው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በግልጽ ሲወራ ሰምተው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር፣ ጎበዝ ሴት ነበረች።

ጓድ ደምሴም ተገኝተው ስለ ሴቶች እኩልነት ግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ምኑ እንደታደለ ግን የጠየቁም የነገራቸውም የለም። ካርቶኑ ላይ ነጭ ጥጥና ቀይ ምልክት አይተው የቁስል ማሰሪያ ነው ብለው ደመደሙና፣ ለሚሊሺያው ይሁን ብለው ሁለት ካርቶን አስጫኑ። በሳምንቱ ቅዳሜ አንዱ ሚሊሺያ ቅልጥሙን ድንጋይ መትቶት ሞዴስ በገመድ አስሮ ገበያ መሀል ሲንጎራደድ ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ ያዘ። ለሁለት ወር የሚበቃን ነገር እንዲያ ሆኖ ቀረ። መሳቅ መቻሌ ራሱ ያናድደኛል።

ወደዚያች ቀን ልመለስና፣ ነርሷ ገለጻዋን ስትጨርስ ወይንሸት ክፍሉ ውስጥ እጇን አወጣች።

«መንገዱስ?» አለች።

«የምን መንገድ?»

«በቤተ ክርስቲያን ማለፍ አንችልም። የላይኛው ታጥሯል። በታች ስንወርድ ደግሞ ወንዶቹ ያዩናል።»

ሲስተር ንግሥት ፈገግ አለች። ይህ እኮ ልብስሽን አይነካም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ብታልፊ ማን ያውቅብሻል አለቻት።

«እኔ አውቃለሁ» አለች ወይንሸት።

ሲስተር ንግሥት ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ሊቀመንበሩን አነጋግራለሁ አለች። የተጻፈ ነገር የሚፈጸም ይመስለን ነበር። መኪናው ከሰዓት በኋላ ወደ ጣርማ በር አቀና፤ የድርጅቱ ሌላ ሽቦ የሚራገፈው እዚያ ነበር። ስለ መንገዱ ጓድ ደምሴን ያነጋገራቸው የለም።

ወይንሸት የደረሳትን ፓኮ ቆጥባ ለሰኔ አስቀመጠችው። ከግንቦት ጀምሮ በጣቷ ትቆጥር ነበር። ቆጥራ ቆጥራ ፊቷ ይጠቁራል፤ ፈተናው የሚውለው በዚያው ቀን ነው። እማዬን ለአባዬ ንገሪልኝ አለቻት። እማዬ ደነገጠች። ይህ ለአባት ይነገራል፣ ለዚያውም ለቄስ፣ እኔስ በየት አፌ ነው የማወራቸው አለች። እንጸልይ፣ ዘንድሮ ዘግየት ይል ይሆናል አለች። ዘግየት እንዲል ተጸለየ። አሥራ ስምንት ዓመት አብራቸው የኖረችውን ሰው ከማነጋገር ስለ ወር አበባ ቀን መጸለይ ቀለላት። አሁን ሳስበው እማዬን ይዤ ልነቀንቃት ይቃጣኛል፤ ያኔ ግን እኔም አብሬ ተንበርክኬ ነበር፣ የምጸልየው ስለ ወተቱ ቢሆንም።

አልዘገየም። የፈተናው ዕለት ጠዋት ስንነሳ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ወንዙ ከቤታችን ድረስ ይጮኻል። ወይንሸት ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ሁለት እስክሪብቶና የፈተና ካርዷን ይዛ ወጣች። ምዕራቡ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ወደ ሽቦው አየች፣ ወደ ገደሉ አየች። ገደሉ ውስጥ ቡናማ ውሃ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። እንሂድ እንጂ ብዬ ጎተትኳት። አልተነቃነቀችም። ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ይወርዳል፣ አፍንጫዋን እንኳ አትጠርግም።

አባዬ ከኪዳን ወጥተው ከቅጥሩ ውስጥ አንዱ ጽድ አጠገብ ቆመዋል፤ እነዚያን ምስማሮች ያያሉ። ሮጬ ሄድኩ። የእህቴን ገመና አላወጣም ያልኩትን ሁሉ ረሳሁት።

«አባዬ፣ ወይንሸት በር ላይ ቆማለች። ታቦቱ ስለተጣላት መግባት አትችልም። በየወሩ ነው የሚጣላት። ወንዙም ሞልቷል። እባክዎ ያስታርቋት።»

መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም። ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው አሉኝ፤ የላይኛው መንገድ ከታጠረ ጀምሮ አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። የታያቸው የዚያን ቀን ፈተና ብቻ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ የቀረችበት ቀን ሁሉ ይመስለኛል።

ወጡና ወደ ሽቦው ሄዱ። በድንጋይ ደብድበው ሁለት ምስማር ነቀሉ፣ የላላውን ሽቦ በእግራቸው ረገጡ፣ የላይኛውን በመቋሚያቸው ቀና አድርገው ያዙ። «እለፊ» አሏት። ወይንሸት አጎንብሳ ስታልፍ ጉርዷ በእሾሁ ተያዘና ጫፉ ተቀደደ። ችግኝ ለችግኝ እየሮጠች ሄደች። አባዬ ዘወር ብለው አላዩኝም። ሽቦውን ለቀቁና እጃቸው እየደማ ወደ ቤት ገቡ።

የችግኝ ጠባቂው አይቷቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጓድ ደምሴ ከሁለት ሚሊሺያ ጋር መጡ። የተነቀለው ሽቦ አልነበረም ያስጨነቃቸው፤ ስድስት ችግኝ ተረግጧል። ስድስቱን ሰብስበው በእጃቸው ይዘዋል፣ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። የሕዝብ ንብረት አውድመዋል ተብለው አባዬ ከማኅበሩ መጋዘን ተዘጋባቸው። ለምን እንዳደረጉት ሲጠየቁ አልተናገሩም። ጓድ ደምሴም የምስማሩ ቂም ነው ብለው ጻፉ። አንዱ አልተናገረ፣ ሌላው አልጠየቀ፤ እኔ ደግሞ ልጅ ነሽ ተብዬ ተባረርኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ነው። ሒሳቡ በሁለተኛው ቀን ነበር።

በማግስቱ በጠዋት እማዬ ቆሎና ዳቦ አስይዛ ወደ መጋዘኑ ላከችኝ። ሚሊሺያው በሩን ገርበብ አድርጎ አስገባኝ። ውስጡ የስንዴ ጆንያና የአይጥ ሽታ ነው። አባዬ ምግቡን አልነኩትም።

«ሽቦው?» አሉኝ።

«በሦስት ረድፍ ሰፉት። ሁለት ሰው ቆሞበታል።»

«ወንዙስ?»

«እንደሞላ ነው።»

ቆሎውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ትከሻዬን ያዙና፣ የምነግርሽን አንዲት ቃል ሳታጎድዪ ለእህትሽ ንገሪያት አሉኝ። «በቤተ ክርስቲያኑ እለፊ ብለዋል በያት። ኃጢአቱ በኔ ላይ ይሁን። አባቷም እኔ ነኝ፣ ቄሱም እኔ ነኝ በያት።»

እየሮጥኩ ሄድኩ። ወይንሸት እንደ ትናንቱ በሩ ላይ ቆማለች። ነገርኳት። ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ አስደገመችኝና ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። ቀና ሳትል፣ ካቡን ታክካ፣ ሣሩን እንኳ የምትረግጠው እየሳሳች አለፈች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ሰማይ ሰማይ አይ ነበር፤ መብረቅ የሚወርድ መስሎኝ። አንድ ቁራ ከጽዱ ላይ ተነሳ እንጂ ምንም አልሆነም። ምሥራቁ በር ደርሳ ጫማዋን ስታጠልቅ ማሰሪያውን እኔ አሰርኩላት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከወንበሯ ሳትነሳ ሠራች። የሲስተር ንግሥት ፓኮ ባይኖር ያን ያህል መቀመጥ አትችልም ነበር፤ ይህን አልክድም።

አለፈች። ነሐሴ መጨረሻ ውጤቱ ሲመጣ የመዘዞዎቹ ሽማግሌዎች ተነገራቸው፣ መስከረም ላይም ደብረ ብርሃን ገባች።

አባዬን ያስፈታቻቸው በታሰሩ በዘጠነኛው ቀን ስንዴ ይዛ የመጣችው ሲስተር ንግሥት ናት። ወይንሸት መኪናው ድረስ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ሲስተር ንግሥት ደነገጠች፤ ለምን አስቀድማችሁ አልነገራችሁኝም አለች። ወይንሸት ደብተሩን በጣቷ አሳየቻት። ሲስተር ንግሥት ገለጠች፣ ገለጠች፣ በመጋቢቱ ገጽ ላይ አገኘችው። «መንገድ፤ ይጠየቅ» ይላል። ከሥሩ የዘይት ጣሳ ቁጥር ተጽፎበታል። ፊቷ ደም መሰለ። ሄዳ ጓድ ደምሴን በር ዘግታ አነጋገረቻቸውና አባዬ በዚያው ቀን ወጡ። ጓድ ደምሴም እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ እያሉ ለሳምንት ሲነጫነጩ ሰነበቱ።

አባዬ ከተፈቱ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ እሑድ ነጩን ልብሳቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ከእኛ ቀድመው ወጡ። በሩን ግን አልተሻገሩም። ከውጭ፣ ወራቸው የደረሰባቸው ሴቶች ቆመው የሚያስቀድሱበት ካብ ሥር ሄደው ቆሙ። ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሲያዩዋቸው ግራ ገብቷቸው ነጠላቸውን እየሳቡ ጠጋ ጠጋ አሉላቸው። አንዷ፣ አባ ምን ሆነው ነው አለቻቸው። ቀኖና አለብኝ፣ አርባ ቀን ከውጭ ነኝ አሉ። ያዘዘባቸው የለም። ራሳቸው በራሳቸው ላይ የጣሉት ነው።

ወይንሸት መጣች። ቀኗ ካለፈ ሰንብቷል፣ መግባት ትችላለች። አባቷን ከውጭ አይታ ሄዳ ከጎናቸው ልትቆም ስትል እጃቸውን ዘረጉ።

«አንቺ ግቢ» አሏት። «ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ገባች። ስትገባ ከበሩ ደፍ ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች፤ ሰው እየተራመዳት አለፈ። እኔ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ከአባዬ ጋር ቀረሁ። ካፊያ ይጥላል። አባዬ እንደ ሌላው ጊዜ ወደ መቅደሱ አያዩም፤ ዓይናቸው ሽቦው ከጽዱ የተጋጠመበት ቦታ ላይ ነው። ቀስ ብለው ሄዱና ክንዳቸውን ከካቡ ጫፍ ላይ አድርገው ለኩ፣ ዘወር ብለው ከሽቦው ወዲያ ለኩ። ተመልሰው መጡ።

«ለመንገዱ ሁለት ክንድ ይበቃ ነበር» አሉ። «አንድ ከእነሱ፣ አንድ ከእኛ።»

«ታዲያ በመስከረም ለምን አልሰጣችሁም?» አልኳቸው።

ከውስጥ ደወል ተሰማ። አባዬ አንገታቸውን ደፉ፣ ሴቶቹም ደፉ።

«ዝም በይ» አሉኝ፣ «ወንጌል እየተነበበ ነው።»